ዝቋላ ድረስ የሚሰማ ሬዲዮ

በክፍላችን የብሮድካስት ትምህርት በተሰጠ ቁጥር አንድ ክርክር ሳይነሳ አያልፍም። ግማሹ ተማሪ «ሬዲዮ አብቅቶለታል፤ ዘመኑ የፌስቡክና የቲክቶክ ነው» ይላል። ሌላው ግማሽ «ሬዲዮ አይሞትም» ብሎ ይሟገታል። ለምን እንደማይሞት ሲጠየቅ ግን ከቁጭትና ከትዝታ የዘለለ መልስ የለውም። እኔ በሁለቱም ወገን አልስማማም። ሬዲዮ ሊሞት ይችላል። የሚሞተው ግን አዲስ ቴክኖሎጂ ስለመጣበት ሳይሆን፣ ቴክኖሎጂውን ለማን ብሎ እንደሚከተል የጠፋው ዕለት ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። የተወለድኩበትን አካባቢ ይዤ ልከራከር።

ዝቋላ ስል ብዙ ጓደኞቼ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው፣ የአቦ ገዳም የሚገኝበት ተራራ ይመስላቸዋል። አይደለም። የኔ ዝቋላ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ያለች ወረዳ ናት፤ ዋና ከተማዋም ፅፅቃ ትባላለች። ሰቆጣ ደጋው ላይ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ ዝቋላ ግን ወደ ተከዜ ቆላ ትወርዳለች። በአካባቢው አማርኛና ኽምጥኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ሁለቱን አደባልቆ የማያወራ የገበያ ሰው ብታገኙ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ሬዲዮው ልግባ። የኤፍ ኤም ሞገድ የሚጓዘው ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ነው። ማሰራጫው ከተተከለበት ተራራ ላይ ቆማችሁ በዓይናችሁ የማታዩትን መንደር፣ ሞገዱም አያየውም ብላችሁ ብታስቡ ከእውነቱ ብዙ አትርቁም። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ይህ ያን ያህል ችግር አይደለም። ዋግ ግን ሸንተረርና ገደል ነው። ደጋ ላይ የተተከለ ማሰራጫ ከተማውን ኩልል አድርጎ ያሰማል፤ ከሸንተረሩ ጀርባ ወደ ተከዜ ያዘነበለው መንደር ግን ጥላ ውስጥ ይቀራል። አጭር ሞገድ በአንጻሩ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ነጥሮ ስለሚመለስ ገደል አይመልሰውም። መካከለኛ ሞገድም ሲመሽ ሩቅ ይሄዳል። ቆላ ያሉ አባቶች ሬዲዮናቸውን ማታ ማታ የሚከፍቱት ከእርሻ ስለገቡ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማታ ድምፁ ይጠራል።

እንግዲህ ለአሥርት ዓመታት ገደሉ ውስጥ ይገቡ የነበሩት እነዚህ ሞገዶች ናቸው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ነበር፤ ከመጋቢት 1957 ዓ.ም ጀምሮ የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ነበር፤ ከ1975 ዓ.ም ጀምሮ የአሜሪካ ድምፅ ነበር። ከ1955 ዓ.ም እስከ 1969 ዓ.ም ድረስ አዲስ አበባ የነበረውና ኋላ በደርግ የተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮም የሚሠራው በዚሁ በአጭር ሞገድ ነበር። የክልሉ ሬዲዮ፣ የዛሬው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ማለት ነው፣ በኽምጥኛ ማሰራጨት ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሰው የራሱን ቋንቋ ከሳጥን ውስጥ ሰማ። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ካለ ቋንቋው በየትኛውም ሳጥን ውስጥ ተሰምቶ በማያውቅ ሰው ቦታ ራሱን አስቀምጦ ያስብ።

አሁን በየጣቢያው «ከዘመኑ ጋር መራመድ» ሲባል የሚሠራውን እንይ። በብዙዎቹ ዘንድ መራመድ ማለት የፌስቡክ ገጽ መክፈት፣ ለአየር የተጻፈውን ዜና እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ፣ ካሜራ ስቱዲዮ አስገብቶ አቅራቢውን ማይክራፎን ሲያናግር ማሳየት ነው። (ሬዲዮ አቅራቢ ወረቀት ሲያነብ ማየት ለማን እንደሚጠቅም እስካሁን አልገባኝም። ድምፁ ቆንጆ የሆነ ሁሉ አኳኋኑ አያምርም።) ከዚያ ላይክ ይቆጠራል። ላይኩ የሚመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከውጭ አገር ነው። ጣቢያው የሚታየው አድማጭ ላይክ የሚያደርገው ስለሆነ ቀስ በቀስ ለእሱ መሥራት ይጀምራል። አርዕስቱ ይጮኻል፣ ጉዳዩ የከተማ ይሆናል፣ የእርሻው ሰዓት ያጥራል። በባትሪ ድንጋይ የሚያዳምጠው ሰውዬ ላይክ ስለማያደርግ እንደሌለ ይቆጠራል። አልተሰደደ፣ አልሞተ፤ እዚያው ተቀምጦ ከቁጥር ወጣ።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የቅርብ ጊዜ ታሪካችን ያሳያል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወዲያው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔቱ በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ነው። በዚያው ክረምት ዝናቡ አጥሮ በዋግ ኽምራ ቆላማ ወረዳዎች፣ ዝቋላን ጨምሮ፣ ድርቅ ገባ። ሁለቱን ክስተቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሰው ስለ ዝናቡ፣ ስለ እርዳታው፣ ስለ ከብት ዋጋና ስለ መንገዱ ከምንጊዜውም በላይ መስማት የሚፈልግበት ዓመትና ኢንተርኔት የሌለበት ዓመት አንድ ሆነው መጡ። መላ ጉልበቱን ወደ ፌስቡክ ያዞረ ጣቢያ በዚያ ዓመት ለዝቋላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ምንም።

ከዚያ በፊትም በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ ሲገባ መብራትም ስልክም ጠፍቶ ነበር። ብዙ ሰው ተፈናቀለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ አካባቢው ሊገባ የሚችለው ከሩቅ የተላከ ሞገድ ብቻ ነው፤ ማንም ገመድ ሊቆርጥበት፣ ማንም ሰርቨር ሊዘጋበት አይችልም። ማፈኛ ሞገድ መኖሩን አልዘነጋሁም። ቢሆንም ሞገድ ማፈን ኢንተርኔት እንደመዝጋት በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ወጪውም ብዙ ነው።

ታዲያ በዚህ ብቻ ተነስቼ «አጭር ሞገድ ይኑር፣ ሌላው ገደል ይግባ» የምል እንዳይመስላችሁ። ለአጭር ሞገድ በውጭ ጣቢያ መተማመንም የራሱ ጣጣ አለው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞችን በአንድ ቀን አስተዳደራዊ ፈቃድ ውጡ ሲላቸው ከአርባ ዓመት በላይ የተሰማው የአማርኛ ሥርጭት በዚያው ዕለት ፀጥ አለ። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት ተከዜ ዳር ያለን ሬዲዮ ዘጋ ማለት ነው። የራስ ማሰራጫ የሌለው አካባቢ ዕጣው ይኸው ነው።

የአውሮፓንም ጉዳይ ጠቆም ላድርግ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም አውጥታ ወደ ዲጂታል ሬዲዮ አዛወረች። የስዊዘርላንድ የሕዝብ ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ኤፍ ኤሙን ዘጋ፤ አድማጭም አጣ። በእነዚያ አገሮች እንኳ ሰዉ ሬዲዮኑን ቶሎ አይለውጥም። እኛ ዘንድ አንድ ሬዲዮ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል።

አጎቴ አንድ በላስቲክ የታሰረ የእጅ ሬዲዮ አለው። ድንጋዩ ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ለአንድ ሁለት ምሽት ነፍስ ይዘራል። ኮሌጅ ጋዜጠኝነት ልማር መግባቴን ስነግረው ደስ አለው፤ ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገና «እነሱን እኛ እንሰማቸዋለን፤ እነሱስ እኛን የሚሰሙን መቼ ነው?» አለኝ። አጠያየቁ እንደ ቀልድ ነበር። ለኔ ግን በአንድ ሴሚስተር ከተማርኩት የበለጠ ነገር አለው። ሬዲዮ ከአዲሱ ቴክኖሎጂ መውሰድ ያለበት ዋናው ነገር ጆሮ ነው። አፍማ ድሮም ነበረው።

ጆሮው ደግሞ አሁን በእጃችን ያለው ተራ ስልክ ነው። ዝቋላ ውስጥ ዘመናዊ ስልክ የያዘው ጥቂት ወጣት ነው፤ ቁልፍ ያለው ስልክ የያዘው ግን ብዙ ነው። ያ ስልክ ደግሞ የኤፍ ኤም መቀበያ አለው፤ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ እንደ አንቴና ያገለግላል። ባትሪው በሶላር ይሞላል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በአንድ ዕቃ መስማትም መመለስም ይችላል ማለት ነው። ታንዛኒያ ውስጥ የእርሻ ፕሮግራሞች ላይ የተሠራበት ዘዴ አለ። አቅራቢው ጥያቄ ያነሳል፤ «አዎ» የሚል በዚህ ቁጥር፣ «አይደለም» የሚል በዚያ ቁጥር ሚስኮል ያድርግ ይላል። አድማጩ አንድ ሳንቲም አያወጣም። ማሽኑ ሚስኮሉን ይቆጥራል። የቀጣዩ ሳምንት ፕሮግራም ከቁጥሩ ይነሳል። ለሚስኮል እኛን የሚያስተምረን አለ እንዴ? ወላጆቻችን «ደርሻለሁ» ለማለት፣ «ደውልልኝ» ለማለት ስንት ዓመት ተጠቀሙበት።

አገራችንም ውስጥ በድምፅ የሚሠራ ጥሩ ምሳሌ አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም የጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይ የተቀዳ ምክር የሚሰማበት ነው። ማንበብ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ በተመሳሳይ መንገድ የኽምጥኛ ፕሮግራሙን በአጭር ቁጥር ላይ ቢያስቀምጥ ምን ይከለክለዋል? ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ገበያ የነበረች እናት ማታ ደውላ ትሰማዋለች። ሞገዱ የማይገባበት ሸለቆ ያለውም ሰው፣ አንድ ዳገት ወጥቶ ኔትወርክ ካገኘ፣ ይሰማዋል። በዚያው መስመር መጨረሻ ላይ ደግሞ «አስተያየትዎን ይናገሩ» የሚል አንድ ደቂቃ ይጨመርበት። ጋዜጠኛው ጠዋት ቢሮ ሲገባ ከፌስቡክ አስተያየት በፊት እነዚያን ድምፆች ያዳምጥ። እርግጠኛ ነኝ የዜናው ቅደም ተከተል ይለወጣል።

በድሮ ጊዜ ይህን ሥራ ደብዳቤ ይሠራው ነበር። በ1994 ዓ.ም ተጀምሮ እስከ 1997 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ 257 ክፍል ሲሄድ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበር። ያ ሁሉ ሰው ወረቀት ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ ፖስታ ቤት ሄዶ ነው የጻፈው። አድማጭ ዝም ያለው ፍላጎት ስላጣ አይደለም። ደብዳቤው ቀረ፤ በቦታው የገባው የፌስቡክ አስተያየት ደግሞ ማንበብና መጻፍ፣ ዘመናዊ ስልክና ካርድ ላለው ብቻ ሆነ።

ሌላው በንቀት የምናልፈው ቴክኖሎጂ ሚሞሪ ካርድ ነው። በየከተማው ኮምፒውተር ዘርግቶ በጥቂት ብር ሚሞሪ የሚጭን ልጅ አለ። ከቆላ ለገበያ የወጣ ወጣት የሚያስጭነው ዘፈን፣ መዝሙር፣ የቀልድ ቪዲዮ ነው፤ አገሩ ሲመለስ በብሉቱዝ ለጓደኞቹ ያካፍለዋል። አንድ ካርድ ሃያ ሰው ጋ ይደርሳል። ይህ ራሱን የቻለ የሥርጭት መረብ ነው፤ ማንም ጋዜጠኛ ግን መረብ ብሎ አይጠራውም። ጣቢያዎች በየሳምንቱ የኽምጥኛና የአማርኛ ፕሮግራሞቻቸውን ለእነዚህ ሱቆች በነጻ ቢሰጡ፣ ልጁ ከዘፈኑ ጋር ደርቦ ቢጭን፣ ለሱቁም ትንሽ ክፍያ ቢታሰብለት፣ በጣም ርካሽ «ፖድካስት» ይሆናል። እርግጥ ነው ዜና በካርድ አይሄድም፤ ሲደርስ ይበርዳል። ስለ ሕፃናት አመጋገብ የተሠራ ፕሮግራም ግን አይበርድም። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም ሲፈረም እስከ 2022 ዓ.ም ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ነው። ስሙን ከከተማችን የወሰደ ቃል ኪዳን መልእክቱ በከተማችን ቋንቋ በየእናቱ ስልክ ላይ ቢገኝ ምን አለበት?

ወደ ዋናው ነጥቤ መጣሁ፤ እሱም የድምፅ ክምችት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ስንት ዘመን ሆነው። ያኔ ያዳመጠው ሰው ሬዲዮኑን ጥሎታል፤ የዛሬ ወጣት ግን ያንኑ ትረካ በስልኩ፣ በዩቲዩብ፣ ረጅም መንገድ በሚጓዝ መኪና ውስጥ ይሰማዋል። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም ከተከፈተ ጀምሮ መዓዛ ብሩ ከእንግዶቿ ጋር ያደረገቻቸው ረጃጅም ጨዋታዎችም እንዲሁ ከአየር ላይ ወርደው በኢንተርኔት ሌላ ዕድሜ አግኝተዋል። ሁለቱም የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፦ ቴክኖሎጂ ሲለወጥ የሚሻገረው በጥንቃቄ የተሠራና የተቀመጠ ድምፅ ነው። ለፈጣን ዜና ቴሌግራም ሬዲዮን ይቀድመዋል፤ በዚያ ሩጫ ሬዲዮ አያሸንፍም፣ ባይወዳደርም ደስ ይለኛል። በደንብ የተሠራ የአንድ ሰዓት ወግ ግን ማንም አይቀድመውም።

ኽምጥኛን በተመለከተ ይህ ነገር ከባድ ነው። አማርኛ መጽሐፍ አለው፣ ጋዜጣ አለው፣ ፊልም አለው፤ የሬዲዮ ክሩ ቢጠፋ ሌላ የሚተርፍለት ብዙ ነው። ኽምጥኛ ግን በአብዛኛው የሚኖረው በአፍ ነው። በሬዲዮ ላይ የቀረበ አንድ ሽማግሌ የተናገረው የዳኝነት ሥርዓት፣ አንዲት እናት የነገረችው ተረት፣ የሠርግ ዘፈኑ፣ የለቅሶው ዜማ ከተሰራጨ በኋላ በላዩ ላይ ሌላ ከተቀዳበት አበቃ። ዛሬ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ቴክኖሎጂ አንድን ቋንቋ ለመስማትና ለመናገር የሚማረው ከተቀዳ ድምፅና ከጽሑፉ ነው። በብዛት የተቀዳ ድምፅ የሌለው ቋንቋ ከዚያ ዓለም ውጭ ይቀራል። ነገ ስልኮች በንግግር ብቻ የሚታዘዙ ሲሆኑ የዝቋላ እናት በምን ቋንቋ ልታዛቸው ነው? የሬዲዮ ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ያለው ክምችት ለኽምጥኛ ከማንኛውም መዝገበ ቃላት ያላነሰ ሀብት ነው። ዲጂታል ማድረግ ማለት መጀመሪያ ይህን ማድረግ ነው፦ ማን ተናገረ፣ የት፣ መቼ፣ ስለ ምን፣ የሚል መግለጫ አብሮት ተጽፎ፣ በሁለት ቦታ ተቀምጦ። በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር በጦርነት ጊዜ ምን እንደሚሆን ለዋግ ሰው ማስረዳት አይገባኝም።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የቀጥታ ቪዲዮ ካሜራና መብራት ገንዘብ ካገኘ፣ ለአንድ ሃርድ ዲስክና ለአንድ መዝጋቢ ሠራተኛ ደመወዝ አይጠፋም። ገደሉን ለመሸፈን ደግሞ ግዙፍ ማሰራጫ ብቻ መፍትሔ አይደለም፤ ሸንተረሩ ላይ የሚተከሉ በሶላር የሚሠሩ ትናንሽ አቀባባዮች አሉ። በ2013 ዓ.ም የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238 ለማህበረሰብ ሬዲዮም ቦታ ሰጥቷል። ሕጉ አለ። ሕዝቡ የሚመራው ጣቢያ ግን ከፈቃድ ወረቀት በላይ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ ወር በገባ ቁጥር የሚከፈል የመብራት፣ የነዳጅና የጥገና ወጪ። ብዙ የማህበረሰብ ጣቢያ የሚወድቀው በቴክኖሎጂ ሳይሆን በጄኔሬተር ነው።

ወጣቱን ረሳኸው የሚለኝ የክፍል ጓደኛ እንዳለ አውቃለሁ፤ ትናንት በካፌ ነግሮኛል። አልረሳሁትም። ከፅፅቃ ወጥቶ ሰቆጣ፣ ወልድያ፣ ባሕር ዳር የሚማረው ወጣት ሬዲዮ ከፍቶ ቁጭ አይልም፤ ቲክቶክ ላይ ነው። ለእሱ ከአንድ ሰዓቱ ወግ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ቆርጦ ማቅረብ ይቻላል፣ ይገባልም። ሁለት ደቂቃው ግን የሚቆረጠው ከአንድ ሰዓቱ ነው። አንድ ሰዓቱን ሳይሠሩ ሁለት ደቂቃ ብቻ የሚያመርቱ ጣቢያዎች እየበዙ ነው፤ እነሱን ከአንድ ስልክ ከያዘ ጎረምሳ የሚለያቸው የደመወዝ ሰነድ ብቻ ነው።

ስለ እኛ ትምህርት ክፍል አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። የምንማረው ሬዲዮ ጸጥ ያለ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በአማርኛ፣ ወረቀት አንብበን ነው። የተግባር ልምምድ ስንወጣም ምደባው ወደ ትልልቅ ከተሞች ነው። መምህራኖቻችን ቢፈቅዱ አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ለመመረቂያ ከምንሠራው ፕሮግራም በተጨማሪ እያንዳንዱ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ በሚያውቀው የአካባቢ ቋንቋ አንድ ሰዓት ድምፅ ቀድቶ፣ ስምና ቀን ጽፎበት፣ የተናጋሪውን ፈቃድ ጠይቆ ይዞ ይምጣ። መቅጃው በኪሳችን ያለው ስልክ ነው። በአንድ ባች አርባ ተማሪ ካለ አርባ ሰዓት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሰዓት ከማን እንደምቀዳ ወስኛለሁ፤ ድንጋዩን ግን በዚህ ጊዜ አዲስ ገዝቼለት እሄዳለሁ።